የአልሚራንቴ ትክክለኛ ዕድሜ

እኔ የሰው ነገር ውስጥ መግባት አልወድም። ግን ፋርማሲዬ ከኤዱቪና ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ በሬ ከበሯ ሦስት እርምጃ ነው፣ ጆሮዬም ስልሳ ዓመት ሞልቶት እንኳ ምንም አያመልጠውም። ስለዚህ ያልፈለግኩትን ሁሉ እሰማለሁ። ከሰማሁ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ግድግዳውን ስስ አድርጎ የሠራው ግንበኛ ጥፋት ነው።

የከተማችን የሞምፖስ ሰው ፀሐይ በረድ ስትል የሚወዛወዝ ወንበሩን ደጅ ያወጣል። ኤዱቪና ግን ወንበሯን ከበሩ ደፍ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው። ከደፉ አንድ ክንድ ወደ ውጭ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ ዶን ኤርሞሄነስ፣ ሁላችን ዶን ኤርሞ የምንለው፣ የራሱን ወንበር ያስቀምጣል። በመካከላቸው ደፉ ላይ የኤዱቪና ውሻ ይተኛል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ዝናብ ሲመጣ ዶን ኤርሞ ጃንጥላ ይዘረጋል። ዝናቡ ሲብስ ጫማውን አውልቆ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል እንጂ ጨዋታውን አያቋርጥም። ብርን እንደ ፀጉር አቅጥኖ ጌጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ትዕግሥት ሥራው ነው። ሚስት አግብቶ አያውቅም። ሊያገባት የሚፈልጋት ሴት ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ርቃ ተቀምጣለች፣ እና መግባት አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤዱቪና ባል ካሲሚሮ በወንዛችን ላይ የጀልባ ካፒቴን ነበር። ነፍሱን ይማረውና ቅናቱ ለብቻው ነበር። ጉበቱ አልቆ አልጋ ላይ ወድቆ እንኳ፣ መርፌ ልወጋው ስገባ «በረዶ ሻጩ ዛሬ ለምን ሁለት ጊዜ ደወለ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ሊሞት ሲል ኤዱቪናን ጠርቶ የናዝሬቱን ጌታ ምስል አስያዛትና፣ ውሻው በሕይወት እስካለ ድረስ ወንድ ከቤቷ ደፍ እንዳይገባ አስማላት። እኔ የግሉኮሱን ከረጢት ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ውሻውን የመረጠው በዓለም ላይ የሚያምነው እሱን ብቻ ስለነበረ ነው። ራሱ ካፒቴን ሆኖ ውሻውን አድሚራል ብሎ የሰየመ ሰው ነው፤ በእኛ ቋንቋ አልሚራንቴ ማለት አድሚራል፣ የካፒቴኖች ሁሉ አለቃ ነው።

አልሚራንቴ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ነጭና ቡናማ፣ ከጫማ ሳጥን ብዙም የማይበልጥ ውሻ ነው። ሁላችንም በልባችን «ቢበዛ ሁለት ሦስት ዓመት ነው፣ ምን አላት» አልን። በእኛ ከተማ በናዝሬቱ የማለ ሰው መሐላውን አያፈርስም። ጺሜን አልላጭም ብሎ ምሎ በገዛ ጺሙ ተጠልፎ ከደረጃ የወደቀ ሰው አውቃለሁ። ቄሱ ራሳቸው «ልጄ፣ ከመሐላሽ ልፍታሽ» ቢሏት፣ ኤዱቪና «አባ፣ የማልኩት ለእርስዎ አይደለም» ብላ መለሰቻቸው።

እንግዲህ ያለው ተስፋ መቁጠር ብቻ ነበር፤ ዶን ኤርሞም ቆጠረ። ከየት እንደሰማነው የሚያውቅ የለም እንጂ የውሻ አንድ ዓመት የሰው ሰባት ዓመት እንደሆነ ሞምፖስ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ዶን ኤርሞ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ላይ ሲጀምር ውሻው በሰባት ሲባዛ ሃምሳ ስድስት ነበር። «ታናሼ ነው» ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ውሻው ሰባ ሞላውና ቀደመው። ከዚያ በኋላ እየበረረ ሄደ። አሥራ አራት ሲሞላው፣ ሰባት ጊዜ አሥራ አራት፣ ዘጠና ስምንት! ዶን ኤርሞ ማታ ማታ ሲመጣ ባርኔጣውን አንስቶ «አያቴ፣ እንዴት ዋሉ?» ይለው ጀመር። በዚያው ወር ለሠርጉ የሚሆን ጥቁር ሱፍ አሰፋ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ የሚያወሩት ሁሉ መቶን የሚሻገር የለም ብለው ወሰኑ።

ሌላም ነገር ነበር። በየማታው በእኛ ከተማ በንብርብር ከሚጠቀለለው አይብ አንድ ድብልብል ይዞ ይመጣና ግማሹን ለኤዱቪና፣ ግማሹን ለውሻው ይሰጣል።

«ዶን ኤርሞ፣» አልኩት አንድ ቀን፣ «ይሄ አይብ ጨውና ስብ ነው። ለሽማግሌ ውሻ ጥሩ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ሌላ ቁራጭ እየቆረጠለት።

እንዲህ እያለን ታኅሣሥ ደረሰ፤ የእንስሳት መኖ የሚያዞረው ነጋዴ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰጠኝ። በየወሩ የእንስሳ ሥዕል አለው፣ ከታች ደግሞ የውሻና የድመት ዕድሜ በሰው ሲታሰብ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ። ከመሸጫው ጠረጴዛ ጀርባ ሰቀልኩት። መጀመሪያ ያየሁት የድመቴን የፔርላን ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰንጠረዡ ሰማንያ ይላል። አመንኩት። ቀኑን ሙሉ ሕፃናት የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ትተኛለች፣ ልጁን ሊያስመዝን የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ይለምናል፤ ሰማንያ ዓመት ያልሞላው ፍጡር እንዲህ አይንቅም።

ዶን ኤርሞ የመጣው የሰው ሠራሽ ጥርሱን ማጣበቂያ ሊገዛ ነው። እኔ ማጣበቂያውን ስፈልግ እሱ መነጽሩን አድርጎ ሰንጠረዡን ማንበብ ጀመረ። ጣቱ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ቆመ። ወደ ላይ ወጣ። እንደገና ወረደ።

«ኔልሲ፣ ይሄ ተሳስቷል።»

«ምኑ?»

«ትንሽ ውሻ፣ አሥራ አራት ዓመት፣ ሰባ ሁለት ይላል። ዘጠና ስምንት ነው እኮ!»

ሄጄ አነበብኩለት። በሰባት ማባዛት የድሮ ስህተት ነው ይላል። ውሻም ድመትም በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አምስት ይሞላቸዋል፣ በሁለተኛው ሃያ አራት። ትንሽ ውሻ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው በዓመት አራት አራት ብቻ ነው። ቶሎ የሚያረጁት ትልልቆቹ ናቸው።

«ትልቅ ውሻ ቢሆን ኖሮ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ስንት ነው?»

«ለትልቅ ውሻ ሰንጠረዡ አሥራ ሦስት ላይ ያበቃል።»

ዶን ኤርሞ መነጽሩን አወለቀ። «ካሲሚሮ!» አለ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ። «ሆን ብለህ ነው ትንሽ ውሻ የገዛኸው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሰረቅሽኝ!»

«እኔ ምን አደረግኩ? ቀን መቁጠሪያ ሰቀልኩ።»

«አውርጂው!»

«አላወርድም። መጋቢት ላይ ቆንጆ ፈረስ አለው።»

«ትንንሾቹ እስከ ስንት ዓመት ይኖራሉ ይላል?»

አለመናገር ነበረብኝ። «አሥራ ስምንት… ሃያ የሚደርሱም አሉ ይላል» አልኩ።

በጣቱ ቆጠረ። ውሻው አሥራ ስምንት ሲሞላው እሱ ሰባ ሁለት። ሃያ ሲሞላው ሰባ አራት። ማጣበቂያውን ኪሱ ከተተና በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «የእኔ ሰንጠረዥስ የት አለ?» አለኝ። ልስቅ ከንፈሬን ከፈት አድርጌ ነበር፣ ግን ፊቱን አየሁትና ተውኩት። አሳዘነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ቀልድ በኋላ የዚያን ቀን አንጀቴን በላው።

የዚያን ዕለት ማታ አይብ ይዞ አልመጣም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አልሚራንቴ ላይ ሲያፈጥ ቆየ።

«ሰባ ሁለት!» አለው በመጨረሻ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ አያቴ ስልህ ዝም ብለህ ትቀበላለህ? አታፍርም?»

«ምን አደረገዎት ውሻው?» አለች ኤዱቪና።

«በአራት ዓመት ብቻ ነው የሚበልጠኝ። እኩያዬ ነው። ሲያታልለኝ ኖሯል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ግን በሁለቱ መካከል አንድ ነገር ተለወጠ። ዶን ኤርሞ ውሻውን በደንብ ማየት ጀመረ፤ ባየው ቁጥር ደግሞ ራሱን ያገኛል። ውሻው በግራ ጆሮው አይሰማም፣ እሱም በግራው አይሰማም። ውሻው ሲነሳ መጀመሪያ የኋላ እግሮቹን አስተካክሎ፣ አስቦበት ነው የሚነሳ፤ እሱም እንደዚያው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ሁለቱም በቀኝ እግራቸው ያነክሳሉ። አንድ ማታ ጆሮዬን ጣል ባደርግ «አንተስ ሽንት እንዴት ያደርግሃል?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁ። ኤዱቪና መሃረቧን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። አይቡም ተመለሰ፤ ግን አሁን ጨው የሌለው ነበር፣ ለብቻው የሚያሠራው።

የካቲት ላይ አልሚራንቴ መብላት ተወ። ረቡዕ ጠዋት ዶን ኤርሞ ፋርማሲዬ በር ላይ ከመክፈቴ በፊት ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ኃጢአቴን ልናዘዝ፣ እኔ ክፉውን ነው ያሰብኩት። ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ነው፣ ውሻው ሦስት ቀን ሳይበላ ውሏል፣ ትንሽ ግፊት ብቻ ነው የሚቀረው። «የአይጥ መርዝ አለሽ?» ይለኛል ብዬ ስድቡን አዘጋጅቼ ነበር፣ አያቶቹን ሳይቀር የሚነካ ስድብ።

«ለጥርስ ሕመም ምን አለሽ?» አለኝ።

«ለማን? ለእርስዎ? ጥርስ የለዎትም እኮ።»

«ለእኩያዬ። አይቡን አፉ ያስገባና ያለቅሳል። እንዲህ ያለ ለቅሶ አውቀዋለሁ፣ እኔም አልቅሼዋለሁ።»

ያዘጋጀሁትን ስድብ ዋጥኩት። ማስታገሻ በጠብታ ሰጠሁትና ሐሙስን ጠበቅን። ሐሙስ ሐሙስ የከብት ሐኪሙ ሊባርዶ በጀልባ ይመጣል። ገና ወጣት ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ላም ሲያዋልድ ስለሚውል እጁም አንደበቱም ለላም የሚሆን ነው። ውሻውን የመድኃኒት መሸጫ ጠረጴዛዬ ላይ አስተኛነው። ፔርላ ከሚዛኑ ሆና በንቀት አየችን።

«ጥርሱ በሙሉ መግል ይዟል» አለ ሊባርዶ። «ካልተነቀለ በሁለት ሳምንት ያልቅለታል። ለመንቀል ደግሞ ማደንዘዝ አለብኝ፣ በዚህ ዕድሜው ልቡ ላይችለው ይችላል። ከቻለ አራት አምስት ዓመት ይኖራል።» ትከሻውን ሰበቀ። «እኔን ከጠየቃችሁኝ ተዉት እላለሁ። አርጅቷል፣ ኖሯል፣ ይብቃው።»

ኤዱቪና የውሻውን ጆሮ ይዛ ቆማ ነበር። በሕይወቷ ምክር ጠይቃ የማታውቅ ሴት ናት፤ የባሏን የሬሳ ሣጥን እንኳ ቆማ ያስለካችው እሷ ነች። ያን ቀን ግን ዞር ብላ ዶን ኤርሞን አየችው።

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሱፉ ቁምሳጥን ውስጥ የብል መከላከያ ተደርጎለት ተሰቅሏል። ሰውየው ምንም ክፉ ነገር መናገር አያስፈልገውም ነበር። ወለሉን አይቶ «እንግዲህ፣ ሐኪሙ ካለ…» ማለት ብቻ ነው። ማንም አይፈርድበትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከደፉ ወዲያ ነው።

ዶን ኤርሞ እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ የላይኛውን ሰው ሠራሽ ጥርሱን አወጣና ለሐኪሙ አሳየው።

«ሽልሻ ሽድሽት ዓመቴ ላይ አሽነቀልኩ» አለ። ጥርስ ሳይኖረው ሲናገር ሕፃን ይመስላል። መልሶ አስገባው። «በሙሉ፣ በአንድ ቀን። ሳምንት ሾርባ ጠጣሁ፣ እናቴን ጠራሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ይኸው የተጠበሰ ዓሣ ከነአጥንቱ እበላለሁ። ይነቀልለት።»

«ልቡ ካልቻለስ?» አለ ሊባርዶ።

«የእኔን ልብ ማን ጠየቀው? ይነቀል ስልህ!»

የቀረው አሥራ አንድ ጥርስ ነበር። እኔ መብራት ያዝኩ፣ ኤዱቪና ማየት አቅቷት ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ጸለየች። ዶን ኤርሞ የውሻውን ቀኝ ጆሮ፣ የሚሰማበትን፣ ተጠግቶ ያለማቋረጥ ያወራለት ነበር። ምን እንደሚል ለመስማት ብዙ ጥረት አላደረግኩም፤ ቅርብ ስለነበርኩ ብቻ ሰማሁ። ስለ ሾርባ ዓይነቶች ነበር የሚነግረው፣ የትኛው ድድ እንደማያቃጥል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አልሚራንቴ ዓይኑን ገለጠ። ቀና አለ፣ ዙሪያውን አየና በባዶ ድዱ የዶን ኤርሞን ጣት ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

«ነከሰኝ!» ብሎ ጮኸ ዶን ኤርሞ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው። «ኤዱቪና፣ ይምጡ፣ ነከሰኝ!»

ሊባርዶ በማዳመጫው አዳመጠና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ልቡ የወይፈን ልብ ነው። አምስት ዓመት በደንብ ይሄዳል።» ከዚያ ምን እንዳለ ስለገባው፣ ልጁም የከተማውን ወሬ ያውቃልና፣ ቀላ። ዶን ኤርሞ እጁን ጨበጠው፣ አመሰገነው፣ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። በመስኮት ሳየው ከመንገዱ ማዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ስልሳ ስምንት ሲደመር አምስት። እኔም እያለቀስኩ ጠረጴዛውን አልኮል ባልኮል አደረግኩት።

ማታ ፀሐይዋ ስትበርድ ሁለቱም በየቦታቸው ተቀመጡ፣ ውሻውም ጨርቅ ተነጥፎለት በመካከል። እኔ በሬ ላይ ሆኜ፣ ቀድሜ የጨረስኩትን የመድኃኒት ዝርዝር አነበብኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ኤዱቪና። «እንዳይዋሹኝ። እንዲሞት ይጠብቁ ነበር?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ» አለ ዶን ኤርሞ።

«ታዲያ ዛሬ ለምን ይነቀል አሉ?»

ጎንበስ ብሎ የውሻውን ጨርቅ አስተካከለ። እኔም ገጽ መግለጥ ተውኩ።

«ያ ልጅ ‹አርጅቷል፣ ይብቃው› ሲል ደነገጥኩ» አለ። «ስለ እኔ የሚያወራ መሰለኝ። ነገ እኔ ስተኛ ደጃፌ ላይ ቆሞ ቀን የሚቆጥርብኝ ሰው እንዳይኖር ፈራሁ። ለካ እኔ ራሴ ያ ሰው ነበርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ደግ ሰው ሆኜ አይምሰልዎት።»

ኤዱቪና መወዛወዟን አቆመች።

«ቤትህ ስንት ክፍል አለው?» አለችው። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ስትለው ሰማሁ።

«ሦስት… አንደኛው ያፈሳል። ለምን?»

«እኔ የማልኩት ወንድ ከደጄ አይገባም ብዬ ነው። ከደጄ አልወጣም ብዬ አልማልኩም።»

ዝርዝሩ ከእጄ ወደቀ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

«ይሄን… ይሄን መቼ ነው ያሰብሽው?» አለ ዶን ኤርሞ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«የማልኩ ቀን።»

«የማልሽ ቀን? ታዲያ ያ ሁሉ ዝናብ? ስድስት ዓመት እኮ ነው፣ ኤዱቪና! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዓይንህን አይ ነበር» አለችው። «በመጣህ ቁጥር ከእኔ በፊት እሱን ታያለህ፣ ስንት ቀረው እያልክ። እኔ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ኤርሞ። ነገ እኔም ጥርሴ ይረግፋል፣ ጉልበቴ ይይዘኛል። ሽማግሌን እንደዚያ የሚያይ ሰው ቤት እንዴት እገባለሁ?»

እኔ ብሆን ወንበሩን አንስቼ ወንዝ ውስጥ እወረውረው ነበር። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ፣ ደፉን ሳይሻገር፣ እጇን ያዘ። ውሻው አንዴ ቀና ብሎ አያቸውና መልሶ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት በመዶሻ ድምፅ ነቃሁ። ዶን ኤርሞ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ጣሪያ ጠጋኙ ሰኞ እመጣለሁ ብሎት ነበር፤ እሱ ግን እስከ ሰኞ መጠበቅ አልቻለም።